ቤት የሚያሞቅ ምድጃ፣ እንጀራ የሚጋግር ምድጃ

ሰኔ ሲገባ ነቀምቴ ውስጥ ምድጃ ሊገዛ የሚመጣ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት «ቤቱንስ ያሞቀዋል ወይ?» ይላል። እኛ ሠሪዎች ግን የለመድነው ሌላ መልስ ነው፤ ማገዶ ይቆጥባል፣ ጭስ ይቀንሳል እንላለን። ጥያቄና መልሱ አልተገናኙም። ሲሚንቶ እያቦካሁ፣ ቅርጽ እያወጣሁ ከኖርኩበት ሥራ ያገኘሁት ዋናው ትምህርት ይኸው ነው፤ ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃና ቤት የሚያሞቅ ምድጃ አንድ አይደሉም። ገዢው የትኛውን እንደሚፈልግ ሳይለይ ከገዛ ጥሩው ምድጃም ሳይነድበት ጥግ ይዞ ይቀራል።

ጥያቄው የሚመጣው ከአየሩ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ ክረምቱም ረጅም ነው፤ ዝናቡ ከግንቦት እስከ መስከረም አይለቅም። ሻምቡ ላይ ብርዱ ይብሳል። ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ሲወረድ ግን ስለ ሙቀት የሚጠይቅ የለም። ለሻምቡ ሰው የሚመከረው ምድጃ ለቆላው ሰው አይሆንም።

በሦስት ጉልቻ መካከል፣ እዚህ ሱንሱማ በምንለው ላይ፣ የሚነድ እሳት ሥራው ብዙ ነው። ያበስላል፣ ያሞቃል፣ ማታ ብርሃን ይሰጣል፤ ጭሱም ከላይ የተሰቀለውን የዘር በቆሎ ከነቀዝ ይጠብቃል። ይህን ሁሉ የሚችለው ሙቀቱን በየአቅጣጫው ስለሚበትን ነው፤ ለምጣዱ ግን ያ ብክነት ነው። ምርት የተባለው የእንጀራ ምድጃ በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን የኃይል ተመራማሪዎች ሲነደፍ ዓላማው ይህን ብክነት መዝጋት ነበር። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ቀዳዳ ከበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተቀረጹ አራት ቁራጮች ተገጣጥመው ምጣዱን ይሸከማሉ፤ ከኋላ የሚቆሙት ሌሎች ሁለት ቁራጮች ጭሱን ያስወጣሉ፣ ድስትም ይጣድባቸዋል። በአግባቡ ከተሠራና ከተያዘ የእንጀራ ማገዶን ከሦስት ጉልቻ አንጻር እስከ ግማሽ ይቀንሳል። እሳቱ በግድግዳ ስለታጠረ ግን ሰው ከቦ እጁን የሚያሞቅበት ነበልባል የለም። «አዲሱ ምድጃ ቀዝቃዛ ነው» የሚሉ እናቶች ልክ ናቸው፤ ሙቀቱ እንጀራው ውስጥ ገብቷል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቤቱ በብዛት ምን ይሠራል የሚለው ነው። እንጀራ አዘውትሮ የሚጋገርበት ቤት ለምርት የሚያወጣው ገንዘብ ቶሎ ይመለስለታል፤ ከቤት ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚበላው ምጣድ ነውና። ወጥ ለመሥራትና ቡና ለማፍላት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ከውስጥ ሸክላ፣ ከውጭ ቆርቆሮ የለበሰው ትክክል የተባለው ምድጃ ይበቃዋል፤ አነስተኛ ፍልጥ ይወስዳል፣ ቶሎ ይግላል። ላቀች የተባለው ደግሞ የከሰል ማንደጃ ነው፤ ከተራው የቆርቆሮ ማንደጃ ይልቅ ከሰሉን ይቆጥባል እንጂ ፍልጥ አይቀበልም።

ሊገዙ ሲመጡ ምርትን እንዲህ ይፈትሹት። በጣትዎ መታ ያድርጉት፤ በደንብ የጠነከረ ሲሚንቶ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ጠርዙን በጥፍርዎ ቢፍቁት ዱቄት የሚረግፍ ከሆነ ሲሚንቶው አንሷል፤ ወይም ከቅርጹ ከወጣ በኋላ ሳምንት ያህል ውሃ ሳይጠጣ ፀሐይ ላይ ደርቋል። እንዲህ ያለው እሳት ሲነካው ይሰነጠቃል። አራቱን ቁራጮች መሬት ላይ አስገጥመው ይዩ፤ በመገጣጠሚያው ብርሃን ካለፈ ጭስም ያልፋል። ምጣድዎን ይዘው ይምጡ፤ ምድጃው የተቀረጸው 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ለሆነ ምጣድ ስለሆነ ከዚያ ያነሰው ውስጥ ይገባል፣ የበለጠው ከላይ ይንሳፈፋል። ምድጃው ቤት ውስጥ ሲተከል በምጣዱና በምድጃው መካከል ያለው ክፍተት በጭቃ ይመረግ፤ አፉም ነፋስ በሚያስገባው በር ፊት ለፊት አይዙር።

አበው ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይላሉ። በእኛ ሙያ ተረቱ ግማሽ እውነት አለው፤ ማገዶው ርጥብ ከሆነ ምንም ዓይነት ምድጃ አያድነውም። ገና የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። እሳቱ ያንን ውሃ እስኪያተን ሙቀት አይሰጥም፤ ይጨሳል፣ ምጣዱም እንጀራው ዓይን እንዲያወጣ አድርጎ አይግልም። ማገዶ በበጋ ተፈልጦ፣ ከዝናብ ተጠልሎ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ መደርደር አለበት። ከቡና ግረዛ የሚወጣው ቅርንጫፍ ከደረቀ ለትክክል ተስማሚ ነው። የቡና ገለፈት ግን ነፋስ ማሳለፊያውን ስለሚደፍነው እንዳለ ምድጃ ውስጥ አይጨመር።

ታዲያ ቤቱ በምን ይሙቅ? ከውጭ አገር የተመለሱ ሰዎች በአውሮፓ ያዩትን ጭስ ማውጫ ያለው የብረት ምድጃ ለሳሎናቸው ይጠይቃሉ። ጥሩ ብየዳ ቤት ከወፍራም ላሜራ ሊሠራው ይችላል። ብረት ግን እሳቱ ሲጠፋ አብሮ ይቀዘቅዛል፤ ፊንላንድና ሩሲያ ያሉ ሰዎች ከጡብ ትልቅ ምድጃ የሚገነቡት ለዚህ ነው፤ ለጥቂት ሰዓት በኃይል ያነዱበታል፤ ግንቡም የያዘውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ይለቃል። በእኛ ቤት ከሁሉ የሚከብደው የጭስ ቧንቧው ነው። ብዙ ቤት ኮርኒሱ የማዳበሪያ ጆንያ ወይም ችፑድ፣ የጣራው ማገር እንጨት ነው። የጋለ ቧንቧ በዚያ መካከል ሲያልፍ ከእንጨቱና ከኮርኒሱ ካልራቀ፣ በዙሪያው የማይነድ ነገር ካልገባ፣ ቤቱ ይቃጠላል። ይህን የሚያሟላ ባለሙያ ካልተገኘ ሳሎን ውስጥ ምድጃ አይተከል።

ገንዘብ የማይጠይቀው ዘዴ የምርትን ትርፍ ሙቀት መጠቀም ነው። ጋግረው ሲጨርሱ ግድግዳው ለረጅም ጊዜ ሙቅ ሆኖ ይቆያል። ብርድ በሚበረታባቸው ወራት እንጀራውን ጠዋት ከመጋገር ወደ ማታ ቢያዞሩት፣ ቡናውንም ከኋላ ባለው የድስት ቦታ ቢያፈሉት፣ ማድ ቤቱ ቤተሰቡ የሚሰበሰብበት ሙቅ ክፍል ይሆናል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግራችኋለሁ። ለመሞቅ ብላችሁ ከሰል የተቀጣጠለበትን ማንደጃ መኝታ ቤት አስገብታችሁ በር አትዝጉ። ፍሙ ነጭ አመድ ለብሶ ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ይህ አየር አይሸትም፣ አይታይም፣ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ላቀችም ሆነ ሌላ ቆጣቢ ማንደጃ ከዚህ አያድንም። የትኛውንም ምድጃ ግዙ፣ ለመኝታ ግን ብርድ ልብስ ጨምሩ።