ከመርፌው በፊት ያለችው ደቂቃ

ደም የምትቀዳ ነርስ ጎበዝ የምትባለው ደም ሥሩን አንዴ ወግታ ካገኘችው ነው። እኔ ግን ሙያዋን የማየው ከዚያ በፊት ባለችው ደቂቃ ነው።

በእንጅባራ ወይም በዳንግላ ክንዱን ለልገሳ የሚዘረጋ ሁሉ ከቢሮ የመጣ አይደለም። የፋግታ ለኮማው ገበሬ ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ቆርጦ ሲያከስል ሰንብቶ ይሆናል፤ ጥላሸቱ ክርኑ እጥፋት ውስጥ ገብቷል። ሥራዋን የምታውቅ ነርስ እዚያ ላይ አልኮል አታፈስም። መጀመሪያ በውኃና በሳሙና ታጥባለች፣ ታደርቃለች። ቀጥሎ ደም ሥሩን በጣቷ ዳብሳ ቦታውን በዓይኗ ትይዘዋለች፤ ከተጠረገ በኋላ መንካት የለማ!

ጥጡ ማለዳ አልኮል ውስጥ ተዘፍዝፎ የዋለ መሆን የለበትም፤ እንዲያ ያለ ዕቃ ራሱ ይበከላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለለጋሽ የሚመክረው 2 በመቶ ክሎርሄክሲዲን በ70 በመቶ አልኮል ነው። አልኮሉ ንጹሕ ቢሆን ይሻላል የሚል አይጠፋም። ውኃ ከሌለበት ግን ቶሎ ይተናል፤ ተህዋሱንም በወጉ አይገድልም። ቆዳው ቢያንስ 30 ሰከንድ ርሶ ይቆያል፤ ከዚያ 30 ሰከንድ ያህል ይደርቃል። እፍ ማለትም በጓንት ማራገብም ክልክል ነው። ለጋሹ «ምን ትጠብቂያለሽ?» ቢላት «ጋሼ፣ ይድረቅ፤ ትንሽ ይታገሱኝ» ትላለች። በእንጅባራ ብርድ ሰዓቱ ሠላሳ ቢሞላም ዓይኗ ከቆዳው አይነቀልም፤ እርጥበቱ ካልጠፋ መርፌውን አታነሳም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በተለይ ደም እንዲረጋ ለሚረዳው የደም ክፍል፣ ለፕላትሌት ነው። ቀይ የደም ሴል ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፤ ፕላትሌት ግን ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሙቀት ለቀናት ይቆያል፤ ከቆዳ የገባች ጥቂት ባክቴሪያ እዚያ ትራባለች። ጥርጊያው ደግሞ የፀጉር ሥር ድረስ አይዘልቅም። ስለዚህ እዚያ የተረፈውን ባክቴሪያ ይዞ ሊመጣ የሚችለውን የመጀመሪያውን ደም ወደ ትንሽ ከረጢት የሚያስቀር ዕቃ ካለ፣ ለምርመራ የሚወሰደው ከዚያ ነው።



እናንተም ለመለገስ ስትሄዱ እጅጌያችሁን ከፍ አድርጋችሁ ሰብስቡ፣ አታጣድፏት፣ የተጠረገውንም ቦታ አትንኩ። እሷ ራሷ ሳታስበው ከነካችው እንደገና እንድትጠርገው ጠይቋት፤ መብታችሁ ነው።