ተቀጥላ ጥያቄዎችና ከፊል ረዳት ግሶች በአማርኛ ትርጉም ውስጥ

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሱ ልብ ወለዶችና ተውኔቶች ሲገመገሙ፣ ሐያስያን በአብዛኛው የሚያተኩሩት በቃላት ምርጫና በዘይቤ ላይ ነው። በዐረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ የሚንጠለጠሉት ተቀጥላ ጥያቄዎችና፣ «ኒድ»፣ «ዴር»፣ «ዩዝድ ቱ» የመሳሰሉት ከፊል ረዳት ግሶች ግን ለሰዋስው መምህር የተተዉ ይመስላሉ። ይህ ጽሑፍ እነዚህ ጥቃቅን ቅርጾች የገጸ ባሕርይን ማንነት የሚሸከሙ መሆናቸውን፣ በትርጉም ሲዛቡም የሚዛባው ሰውየው ራሱ መሆኑን ለማሳየት ይሞክራል።

በቅድሚያ ተቀጥላ ጥያቄን እንመልከት። በእንግሊዝኛ የዋናው ሐረግ ረዳት ግስ ይደገማል፤ ባለቤቱ በተውላጠ ስም ይተካል፤ አዎንታው አብዛኛውን ጊዜ ወደ አሉታ፣ አሉታው ወደ አዎንታ ይለወጣል። በአማርኛ ግን «አይደል?» ለሁሉም ይበቃል፤ «ትመጫለሽ አይደል?»፣ «መጥተው ነበር አይደል?» ስንል ቅርጹ በመደብም ሆነ በጊዜ አይለወጥም። ችግሩ የሚመነጨው ከዚሁ ምቾት ነው። ተርጓሚው ሁሉንም በአንድ ቃል ይዘጋዋል። ይሁንና «አይደል?» ስምምነትን ሲጋብዝ «አይደለም እንዴ?» ይሞግታል። አዎንታ በአዎንታ የሚከተለው የእንግሊዝኛ ተቀጥላ ሽሙጥ ሲያዘል ደግሞ ሁለቱም አይመጥኑትም፤ የኛ ሰው በዚያ ቦታ የሚለው «ተመለስክ በለኛ!» ነው። ትእዛዝን የሚያለሰልሰውም ተቀጥላ ወደ ጥያቄ ሳይሆን ወደ «እስቲ በሩን ዝጋልኝ» ይመለሳል።

ሮቢን ሌኮፍ በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ተቀጥላ ጥያቄን ከሴቶች በራስ አለመተማመን ጋር አያይዛው ነበር። በዚያው ዓመት ዱብዋና ክራውች በአንድ የምሁራን ስብሰባ ላይ ባደረጉት ጥናት ቅርጹን ይጠቀሙ የነበሩት ወንዶች መሆናቸውን አመለከቱ። ከዚያም ጃኔት ሆምዝ ጥርጣሬን የሚገልጸውን ተቀጥላ ሌላውን ሰው ወደ ጨዋታው ከሚጋብዘው ለየችው። ለሐያሲ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ተቀጥላ ጥያቄ የበዛባት ገጸ ባሕርይ ሁሉ ፈሪ አይደለችም፤ መርማሪም ተጠርጣሪውን የሚያጠምደው በዚሁ ቅርጽ ነው። ማን ለማን እንደሚናገር ሳይታይ ፍርድ መስጠት አይቻልም።

ከፊል ረዳት ግሶች የሚያስከትሉት ጉዳት ከዚህ ይብሳል። በእንግሊዝኛ የ«ኒድ» አሉታ ግዴታን ያነሣል፤ የ«መስት» አሉታ ይከለክላል። የአማርኛው «መምጣት የለብህም» ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ከዓመታት በፊት ለክፍል ባዘጋጀሁት አንድ ትርጉም፣ የታመመች እናት ልጇ በመንገድ እንዳይንገላታ ብላ የተናገረችውን «መምጣት የለብህም» ብዬ መለስኩት። ተማሪዎቼ እናትየዋን በጭካኔ የሚወቅሱ ድርሰቶች ጽፈው አመጡ። ያነበቡትን በትክክል አንብበዋል፤ ጨካኝ ያደረግኋት እኔ ነበርኩ። «ባትመጣም አልቀየምህም» ብዬ ቢሆን ኖሮ ርኅራኄዋ ይተርፍ ነበር።

«ዩዝድ ቱ»ም እንዲሁ ነው። «ይመጣ ነበር» የቀድሞ ልማድን፣ በሂደት ላይ የነበረን ድርጊትና («ቢጠሩት ይመጣ ነበር» እንደሚባለው) ያልተፈጸመ ሁኔታን ሁሉ ይይዛል። የእንግሊዝኛው ቃል የሚያዝለውን «አሁን ቀርቷል» የሚል ትካዜ ለማምጣት «ድሮ» ወይም «ያኔ» መጨመር ግድ ይሆናል።

እስካሁን ያነሣነው ኪሳራን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ አማርኛ የሚያተርፍበትም ቦታ አለ። በሼክስፒር «ማክቤዝ» አንደኛ ገቢር ሰባተኛ ትዕይንት፣ ባልና ሚስቱ ንጉሥ ደንከንን ስለመግደል ሲከራከሩ ክርክሩ የሚሽከረከረው «ዴር» በተባለው ግስ ላይ ነው። ወንድነት ምን ድረስ መድፈር እንደሆነ ባል ወሰን ያበጃል፤ ሚስት ወሰኑን ታፈርሳለች። ግሱ በዚያው ትዕይንት አንዴ እንደ ረዳት ግስ፣ አንዴ የሦስተኛ መደብ ቅጥያ ይዞ እንደ ዋና ግስ ይመጣል። ለአማርኛ ተመልካች ግን «ደፈረ» ከዚህ የሰፋ ነው፤ መጀገን ብቻ ሳይሆን ክብርን መግሠሥም ነው። ደንከን ንጉሥም፣ የቤት እንግዳም ነው። ስለዚህ «ደፈረ» በተባለ ቁጥር ሚስት የምትጠይቀው ጀግንነትና ባል የሚፈራው ነውር በአንድ ቃል ይሰማሉ። እንግሊዝኛው ይህን በሌሎች ቃላት ማገዝ ይኖርበታል።

በ1985 እ.ኤ.አ. የታተመው የክወርክና የባልደረቦቹ ሰዋስው እነዚህን ግሶች ከዋናዎቹ ረዳት ግሶች ዳር ይመድባቸዋል። ለሰዋስው ምደባው ተገቢ ሊሆን ይችላል። ለትርጉም ሐያሲ ግን ዳር የሚባል ቦታ የለም። የተተረጎመ ሥራን ስንመረምር፣ የገጸ ባሕርይውን ጠባይ ከመፍረዳችን በፊት ጠባዩ የደራሲው ይሁን የተርጓሚው ግስ ያመጣው መለየት የመጀመሪያ ተግባራችን ሊሆን ይገባል።