ስለ ሻራኩ ተዋንያንና ስለ እኛ የሥዕል ልማድ

በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ ፊቱ በሙሉ፥ ሁለት ዐይኑ እየታየ ይሣላል፤ ከሓዲው ግን ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ በአንድ ዐይን ብቻ ይታያል። በዚህ ሥርዐት ያደገ ተመልካች የጃፓን የቲያትር ሥዕሎች ሲቀርቡለት ክፉውን ከደጉ በዚያው መንገድ ለመለየት ይሞክራል፤ መንገዱ ግን አያደርሰውም።

ሥዕሎቹ ካቡኪ የሚባለውን ቲያትር የሚያሳዩ፥ በእንጨት ተቀርጸው በወረቀት ላይ የታተሙ ናቸው። ሠዓሊው ይነድፋል፤ ቀራጩ ይቀርጻል፤ አታሚው ለየቀለሙ ልዩ ሰሌዳ እየለወጠ ያትማል። በቀፊራ ገበያ ባለ ብዙ ቀለም ጨርቅ የሚገዛ የድሬዳዋ ሰው አሠራሩን ለመገመት አይቸገርም። ዋጋቸው ርካሽ ስለ ነበረ፥ የኤዶ ከተማ ተራ ነዋሪ ሳይቀር የሚወደውን ተዋናይ መልክ ገዝቶ ወደ ቤቱ ይወስድ ነበር።

ሻራኩ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1794 ዓ.ም. ከሣላቸው መካከል ሁለቱን እንመልከት። በአንደኛው ሦስተኛው ኦታኒ ኦኒጂ ገንዘብ ለመዝረፍ የመጣውን ኤዶቤይን፥ በሁለተኛው ኢቺካዋ ኦሜዞ ገንዘቡን የሚጠብቀውን አገልጋይ ኢፔይን ሆነው ይታያሉ። ሁለቱም ፊታቸውን መለስ አድርገዋል፤ የሁለቱም ሁለት ዐይን ይታያል። ታዲያ ዘራፊው በምን ይታወቃል? አንገቱ ወደ ፊት ተመዟል፤ አፉ ተጨምቋል፤ ጣቶቹ ተዘርግተው ከልብሱ ይወጣሉ። እጆቹ ለአካሉ አንሰዋል ቢባል እውነት ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን የሥዕሉ ኀይል ያለው በዚሁ አለመመጣጠን ነው።

ዋናው ልዩነት ከዚህም ይጠልቃል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ውስጥ ያለው ከሓዲ ከሓዲ ብቻ ነው፤ ኤዶቤይ ግን በአንድ ፊት ሁለት ሰው ነው። ወንበዴው ይጠላል፤ ኦኒጂ ይወደዳል፤ ገዢውም የሚከፍለው ለኦኒጂ ነው። ስለዚህ ሠዓሊው አንዱን ሲኰንን ሌላውን ማዳን ነበረበት። ሻራኩ ይህን ማዳን ችላ ያለበት ጊዜ አለ። ሴቶች ከ1629 ዓ.ም. ጀምሮ ከመድረክ ስለ ተከለከሉ የሴትን ክፍል የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ እርሱም ሁለተኛውን ሴጋዋ ቶሚሳቡሮን በሴት ልብስ ሲሥል የወንድ አጥንቱን አልሸሸገለትም። ሥራው ዐሥር ወር ያህል ቆይቶ ተቋረጠ፤ በኋላ የጻፉ ጃፓናውያንም እውነቱን አብዝቶ ነበር ብለውታል። በመጨረሻዎቹ ወራት ያወጣቸው ሙሉ ቁመት የሚያሳዩ ሥዕሎች ግን የቀዘቀዙ ናቸው።

የእኛም ሠዓሊ በሀገር ፍቅር ቲያትር መድረክ ላይ ይሁዳን የሚጫወት ሰው ለመሣል ቢነሣ ይኸው ችግር ይጠብቀዋል። በአንድ ዐይን ቢሥለው ይሁዳን ሁሉም ያውቀዋል፤ ተዋናዩን ግን ጎረቤቱ እንኳ አይለየውም።