የንጉሥ ሽልማትና የገጣሚው መልስ

ሒስ ሲባል ልብ ወለድና ግጥም ብቻ የሚተች ለሚመስላችሁ ጓደኞቼ ዛሬ ለየት ያለ ጽሑፍ ይዤ ቀርቤአለሁ። ጽሑፉ የደራሲ ስም የለበትም፤ ታሪክም አይተርክም። ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ስም ነው። በእንግሊዝ አገር በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ለፈረንጆች አዲስ ዓመት፣ አንዴም በሰኔ የንጉሡ ልደት በይፋ በሚከበርበት ሰሞን፣ «ሎንዶን ጋዜት» በሚባለው የመንግሥት ጋዜጣ ላይ ይወጣል። የንጉሡ የክብር ሽልማት ዝርዝር ይሉታል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«ታዲያ የስም ዝርዝር ምኑ ይተቻል?» ትሉኝ ይሆናል። ይተቻል እንጂ! እስቲ አሠራሩን ተመልከቱ። በመጀመሪያ ማዕረግ፣ ቀጥሎ ስም፣ ቀጥሎ ሥራ፣ መጨረሻ ላይ «ለእንዲህ ያለው ሙያ ላበረከቱት አገልግሎት» የምትል አንዲት ሐረግ። የባንክ አስተዳዳሪውም፣ የትምህርት ቤት ወጥ ሠሪዋም፣ ተዋናዩም፣ እሳት አጥፊውም በዚችው ሐረግ ይሸኛሉ። ወጥ ሠሪዋን በተመለከተ ሐረጓ እንከን የላትም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሕፃናት ስታበላ የኖረች ሴት በእርግጥም አገልግላለች፣ ስሟ በጋዜጣ ቢወጣላት ደስ ይለኛል። ገጣሚው ጋ ስንደርስ ግን ነገሩ ይበላሻል። «ለሥነ ጽሑፍ ላበረከተው አገልግሎት»! የትኛው ግጥም? ማንን ያስቆጣ፣ ማንን ያስለቀሰ? ዝርዝሩ አይናገርም። ሰውዬው መንግሥትን ሲያወድስ ይኑር ሲያወግዝ ሐረጓ ያቺው ናት። እንደ እኔ አስተያየት የዚህ ጽሑፍ ዋና ድክመቱ፣ ወይም ዋና ብልሃቱ፣ ይኸው ነው፤ ሥራውን ሳያነብ ሠሪውን ያመሰግናል።

ሁለተኛው ነገር የኒሻኑ ስም ነው። በዝርዝሩ ውስጥ አብዛኛው ሰው የሚያገኘው «የብሪታንያ ኢምፓየር ኒሻን» የተባለውን ነው። ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ በ1917፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል ያቋቋመው ሲሆን አምስት ደረጃ አለው። ከታች ኤም ቢ ኢ፣ ከእሱ በላይ ኦ ቢ ኢ፣ ከዚያ ሲ ቢ ኢ እያለ ይወጣል፤ ሁለቱ የላይኞቹ «ሰር» ወይም «ዴም» ያሰኛሉ። ኢምፓየሩ ፈርሷል፤ ስሙ ግን በተሸላሚው ደረት ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

ስለ አሰጣጡ ብዙ አልልም። ንጉሡ ሸለመ ይባላል እንጂ ስሞቹን የሚያጣሩት ኮሚቴዎች ናቸው፤ በጠቅላይ ሚኒስትሩ በኩልም ለዙፋኑ ይቀርባሉ። በሎይድ ጆርጅ ዘመን ማዕረግ እንደ ገበያ ከብት ሲሸጥ ተደርሶበት በ1925 ይህን የሚከለክል ሕግ ወጣ። ይሁን። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዝርዝሩ ከመውጣቱ በፊት ለእያንዳንዱ እጩ «ቢሰጥዎ ይቀበላሉ ወይ?» የሚል ደብዳቤ በምሥጢር ይላካል። እምቢ ያለው ሰው ስሙ ሳይነሣ ይቀራል፤ ስለዚህ ዝርዝሩ ሁልጊዜ የእሺ ባዮች ጉባኤ መስሎ ይታያል። ከ1951 እስከ 1999 እምቢ ብለው ኋላ የሞቱ የ277 ሰዎች ስም ይፋ የሆነው በ2012 ነው። ከደራስያኑ ወገን ሮበርት ግሬቭስ፣ አልደስ ሀክስሊና ሮአልድ ዳል ይገኙበታል። ፊሊፕ ላርኪንም አለበት፤ ግን እሱ በ1968 ኦ ቢ ኢውን ትቶ በ1975 ከፍ ያለውን ሲ ቢ ኢ ተቀብሏል። ዝቅ ያለውን እምቢ፣ ከፍ ያለውን እሺ! ይኼን ለእናንተ ፍርድ ትቼዋለሁ።

እምቢታ በአደባባይ ሲጻፍ ግን ራሱን የቻለ የሥነ ጽሑፍ ዓይነት ይሆናል። የዚህ አባቱ ራቢንድራናት ታጎር ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ታጎር በ1913 የኖቤል ሽልማት አግኝቶ በ1915 «ሰር» ተባለ። በሚያዝያ 1919 በእንግሊዞች የሚታዘዝ ጦር በአምሪትሳር ከተማ፣ መውጫው ጠባብ በሆነ ግቢ ውስጥ በተሰበሰበ ባዶ እጁን የነበረ ሕዝብ ላይ ተኮሰ። መንግሥት ራሱ ያመነው የሟች ቁጥር 379 ነው። በግንቦት መጨረሻ ታጎር ለእንደራሴው ለሎርድ ቼልምስፎርድ ጽፎ ማዕረጉን እንዲያነሡለት ጠየቀ። ደብዳቤው ስድብ የለበትም። ወገኖቹ ከሰው በታች በተቆጠሩበት ሰዓት ኒሻን ማንጠልጠል ውርደቱን አጉልቶ እንደሚያሳይ፣ ስለዚህም ያለ ምንም ማዕረግ ከእነሱው ጎን መቆም እንደሚሻ በጨዋ ቋንቋ ያስረዳል። የሚያቃጥለውም ጨዋነቱ ነው።

ቤንጃሚን ዘፋንያ ደግሞ ጨዋ አልሆነም። ወላጆቹ ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ፣ በርሚንግሃም የተወለደ፣ በ13 ዓመቱ ትምህርት ቤትን ጥሎ የወጣ፣ ግጥሙን ከመድረክ በሬጌ ምት የሚያንበለብል ሰው ነበር። በ2003 ኦ ቢ ኢ እንስጥህ ሲባል መልሱን በ«ጋርዲያን» ጋዜጣ አወጣው። ጽሑፉ የተጻፈ ሳይሆን የሚጮህ ነው፤ ያላግጣል፣ ይሳደባል፣ ስለ ኢራቅ ጦርነት ያነሣል፣ በፖሊስ እጅ ሳለ ስለሞተ የሥጋ ዘመዱ ይጠይቃል። አንዳንድ ቦታ ይዝረከረካል፤ አርታኢ ቢኖርበት ኖሮ ሁለት አንቀጽ በወጣለት ነበር እላለሁ። ነገር ግን አንድ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። «ኢምፓየር» የምትለዋን ቃል ይዞ አነበባት። እናት አያቶቹ የተደፈሩባት፣ አባት አያቶቹ የተገረፉባት ቃል መሆኗን አሳየ። ሌላው ሰው ሦስት ፊደል ብሎ የሚያልፋትን ቃል እሱ ፈታት፤ ገጣሚነት ይኼ ካልሆነ ምንድን ነው? ዘፋንያ በታኅሣሥ 2023 ሲሞት ከስሙ በኋላ ምንም ፊደል አልነበረም።

አሁን ወደ ለምን ሲሳይ ልምጣ፤ ብዙዎቻችሁ የምትጠብቁትም እሱን ነው። ለምን በ1967 እንግሊዝ አገር ከኢትዮጵያዊት እናት ተወለደ። እናቱ ለትምህርት የሄደች ወጣት ነበረች። ልጁ ለእንግሊዝ ቤተሰብ በአደራ ተሰጠ፤ ጉዳዩን የያዘው የመንግሥት ሠራተኛም የራሱን ስም አውጥቶ ኖርማን አለው። በ12 ዓመቱ አሳዳጊዎቹ መለሱት፤ ከዚያ ወዲያ ያደገው በሕፃናት ማሳደጊያ ነው። እውነተኛ ስሙንና እናቱ ልጄን መልሱልኝ ብላ እንደጻፈች ያወቀው ለአቅመ አዳም ሲደርስ ነው። ይህ ሰው በ2010 ኤም ቢ ኢ፣ በ2021 ደግሞ ኦ ቢ ኢ ተቀበለ። ሐረጓም ያቺው፤ «ለሥነ ጽሑፍ»፣ በሁለተኛው ጊዜ «ለሥነ ጽሑፍና ለበጎ አድራጎት»።

ከመካከላችን «ዘፋንያ ጀግና፣ ለምን አድርባይ» ብሎ ፋይሉን የሚዘጋ አይጠፋም። እኔ በዚህ አልስማማም። በመጀመሪያ ነገር ያው መንግሥት የነጠቀውን ስም ያው መንግሥት በጋዜጣው አትሞ እንዲያወጣ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። «ኖርማን» አላለም፤ «ለምን ሲሳይ» ነው ያለው። ይህን የሚያህል እርማት በሌላ መንገድ የት ይገኛል? ይሁንና ይኼ ብቻውን አያሳምነኝም፤ ባለ ሥልጣን በስምህ ስለጠራህ ብቻ እጅ መንሳት የለብህምና።

የሚያሳምነኝ መጽሐፉ ነው። ለምን ከብዙ ዓመት ጥየቃ በኋላ የልጅነት ፋይሉን ከመሥሪያ ቤቱ ተረከበና በ2019፣ ማለት ከመጀመሪያው ኒሻን ዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ የሕይወት ታሪኩን አወጣ። ሰነዶቹን እንዳሉ አቅርቧቸዋል፤ በታይፕ የተጻፉ፣ ቀዝቃዛ፣ «ልጁ ደኅና ነው» ዓይነት። በየምዕራፉ መግቢያ አጫጭር ግጥም አለ፤ እውነቱን ለመናገር ግጥሞቹ አንዳንዴ ከሰነዶቹ ያንሳሉ። የመጽሐፉ ኃይል ሌላ ነው። ሰነዶቹን አንብባችሁ ወደ ሽልማቱ ዝርዝር ብትመለሱ ድምፁ አንድ ሆኖ ታገኙታላችሁ! ልጅን ያለ ስሙ የመዘገበው ብዕርና ገጣሚን ያለ ግጥሙ የሚያመሰግነው ብዕር የአንድ ጸሐፊ ይመስላሉ። ይህን ያሳየን እንግዲህ ኒሻን ለባሹ ነው። አፉን በኒሻን ሊዘጉት አስበው ከነበረ አልሆነላቸውም። በእኛ አነጋገር የበላበትን ወጪት ሰባሪ የሚለው ቢኖር፣ ወጪቱ ድሮውኑ የማን ነበር ብዬ እጠይቀዋለሁ።

ይህ ክርክር ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ1966 ጸጋዬ ገብረ መድኅን ገና በ29 ዓመቱ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ። ሽልማቱ ግን ተውኔቶቹን ከሳንሱር አላዳናቸውም። ማን ከማን እጅ ምን ወሰደ እያልን ከምንቆጥር፣ ከወሰደ በኋላ ምን ጻፈ ብንል የተሻለ ሒስ የምንጽፍ ይመስለኛል፤ በጸጋዬም ቢሆን በለምንም። ለታጎርና ለዘፋንያም ያው ነው፤ እምቢታቸውን የምናደንቀው ጥሩ ጽሑፍ ስለሆነ ጭምር ነው። ዝም ብለው እምቢ ካሉት 277ቱ ውስጥ የስንቱን ስም ታስታውሳላችሁ?

የለምንን መጽሐፍ ያላነበባችሁ ፈልጋችሁ አንብቡት። ወደ አማርኛ ልመልሰው የሚል ካለም ከርዕሱ ይጀምር። እንግሊዞቹ ስሙ «ለምን» ማለት መሆኑን ማስረዳት ነበረባቸው፤ እኛ «ስሜ ለምን ነው» ብለን ስንጽፈው ግን ሰውዬው ስሙን ይንገረን ወይስ ስለ ስሙ ይጠይቀን አይለይም።