ኢንክስኬፕ ለመማር ግሩም ነው፤ ለኅትመትስ?

ለፌስቡክ የተሠራች ትንሽ ሎጎ ባነር ላይ ስትለጠጥ ጠርዟ እንደ ደረጃ ተቆራርጦ አይታችሁ ይሆናል። ፎቶ የፒክስሎች ስብስብ ስለሆነ ነው። የቬክተር ሥዕል ግን የሒሳብ ቀመር ነው፤ ኮምፒውተሩ በፈለጋችሁት መጠን እንደ አዲስ ይስለዋል።

ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ የሚሰራጨው ኢንክስኬፕ ይህን በዓይን ያሳያል። ሥዕሉን በኤስቪጂ ያስቀምጣል፤ ፋይሉን በኖትፓድ ክፈቱት፣ የየመስመሩን ቁጥሮች ታነባላችሁ። አንዱን ቁጥር ለውጡት፣ ቅርጹም ይለወጣል። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም።

እንጀራችሁን ስታበስሉበት ግን ድክመቱ ብቅ ይላል። ስክሪን ቀለም የሚፈጥረው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ነው። ማተሚያ ማሽን ደግሞ ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም ይደራርባል። ስክሪን ላይ ቦግ ያለው አረንጓዴ ወረቀት ላይ ሊደበዝዝ ይችላል። በክፍያ የሚገኘው ኢላስትሬተር የአራቱን ቀለሞች መጠን በመቶኛ አስቀድማችሁ እንድትወስኑ ያደርጋል፤ ኢንክስኬፕ ግን ለስክሪን ያደላል፣ የቆየ ድክመቱም ይኸው ነው።

ታዲያ እንተወው? በፍጹም! ጀምሩበት። ደንበኛ ሺህ ኮፒ ካዘዛችሁ ግን መጀመሪያ አንድ ናሙና አሳትሙ፤ ቀለሙን ስክሪኑን ሳይሆን ወረቀቱን አይታችሁ ፍረዱ።