ስለ ክፍት ዋይፋይና ስለ ጎረቤት ወግ፤ አጭር ትችት

ብሩስ ሽናየር የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ደኅንነት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ጽሑፍ፥ የቤቱን ዋይፋይ ያለ ይለፍ ቃል ክፍት አድርጎ መተውን እንደ ጨዋነት ቈጥሮ፥ ለእንግዳ ሻይ ከማቅረብ ጋራ አመሳስሎታል። ይህ አሳብ ለወሎ ሰው ጆሮ የሚጥም ነው፤ በከሚሴ ቡና አፍልቶ ጎረቤቱን ሳይጠራ ብቻውን የሚጠጣ ሰው በበጎ ዓይን አይታይምና። ሆኖም ምሳሌው እስከ ምን ድረስ እንደሚዘልቅ ልንመረምር ይገባናል።

በእስልምና ሕግ ሊቃውንት ዘንድ ውሃ፥ ግጦሽና እሳት የጋራ ሀብት ተብለው ሲቈጠሩ ኖረዋል። ከአፋር ቆላ ወደ ባቲ የሰኞ ገበያ የሚወጣ ግመለኛም ውሃ ቢለምን አይከለከልም። ዋይፋይ ከእነዚህ ከየትኛው ይመደባል? እሳት ቢጫር አይጐድልም። የኢትዮ ቴሌኮም የቤት መስመር ግን የሚከፈልበት በፍጥነቱ ልክ ነው፤ ዐሥር ሰው ፊልም ቢያወርድበት የባለቤቱ ልጅ ትምህርቱን መክፈት ያቅተዋል። እንግዲያስ ቀጂ ሲበዛበት ከሚደፈርስ ምንጭ ጋራ ይቀራረባል።

ከመጕደሉ ይልቅ የሚያሳስበን ሌላ ነገር አለ። እሳት ልትጭር የመጣች ጎረቤት ደጅ ላይ ቆማ «እንደምን አደራችሁ» ብላ ትገባለች፤ ሰጪው ተቀባይዋን ያውቃታል። በክፍት ዋይፋይ የሚጠቀመው ግን ከአጥር ማዶ ሆኖ ነው። የቤቱ መሣሪያ የሁሉንም ግንኙነት በአንድ አድራሻ ስለሚያወጣው፥ ከውጭ ለሚመለከት ባለቤቱና መንገደኛው አንድ ሰው ይመስላሉ። ክፉ ሰው ዛቻ ቢጽፍበት፥ በመዝገብ የሚገኘው መስመሩን ያስገባው አባወራ ነው። ሽናየር ይህን አደጋ አልዘነጋውም፤ ነገር ግን አቅልሎ አልፎታል። ጠበቃ ለመግዛት አቅም የሌለው የከሚሴ ሱቅ ነጋዴ እንዲሁ ሊያቀለው አይችልም።

ሕጉም ብዙ አይረዳውም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958 ሆን ብሎ ያለ ፈቃድ ወደ ኔትዎርክ የገባን ሰው እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት፥ ወይም ከ30,000 እስከ 50,000 ብር በሚደርስ መቀጮ፥ ወይም በሁለቱም ይቀጣል። ይህ ቍልፍ ለሰበረው የተገባ ነው። ተከፍቶ ያገኘውስ? ክፍት መተው ፈቃድ ነው ወይስ ቸልታ? «ያለ ፈቃድ» የሚለው ቃል ብቻውን አይፈታውም፤ በእኛ አስተያየት ይህ የአዋጁ ትልቅ ጕድለት ነው።

ይህን ሁሉ ስንል ግን የ2015 ዓ.ም. ነሐሴን መርሳት አይቻልም። በአማራ ክልል ግጭቱ በበረታበት በዚያን ጊዜ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ቀን የገመድ መስመር የቀረለት ቤት ቢኖር፥ ልጇ ሳዑዲ አረቢያ ያለች እናት ወሬዋን ለመስማት ወዴት ትሂድ? እዚህ ላይ የሽናየር አሳብ ኃይል ያገኛል፤ መከልከሉም ከንፍገት ያለፈ ጭካኔ ይሆናል። ነገር ግን ይህች እናት ከአጥር ማዶ ተሸሽጋ አትጠቀምም፤ ደጁን ታንኳኳለች። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ለእንግዳ የተለየ መስመርና የተለየ ይለፍ ቃል ማውጣት ስለሚችሉ፥ ባለቤቱ ፊቷን አይቶ ቃሉን ይነግራታል። ቃሉ እስከ ማታ በሰፈሩ ሁሉ ይዳረሳል ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው፥ መዳረሱ አይቀርም። በየወሩ መለወጥ ግን የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።