ያለ ሾፌር ስለሚሄድ መኪና የሾፌሮቻችን ፍርድ

ሰው ስለ አዲስ መሣሪያ አስተያየት ሲሰጥ የሚናገረው ስለ መሣሪያው ብቻ አይደለም፤ ሳያውቀው ስለ ራሱም ይመሰክራል። ይህን ያስተዋልሁት ባለፈው ክረምት በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ስመላለስ ከሾፌሮች አፍ የሰማሁትን ነገር በልቤ ሳወጣና ሳወርድ ነው። ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤ ሒስ የሚጻፈው ስለ መጽሐፍ መሆኑ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን ዛሬ የምተቸው በመንገድ ላይ የሚነገረውን ቃል ነው። በመንገድ የሚነገር ቃልም እንደ ተጻፈው ሁሉ ሊመረመር ይገባዋል፤ እንዲያውም ከመጽሐፍ ይልቅ ብዙ ሰው የሚተዳደረው በእርሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኮምቦልቻ መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ ተቀምጠን ስንጠብቅ አንድ ተማሪ በስልኩ የያዘውን ቪዲዮ ለሾፌሩ አሳየው። በአሜሪካ አገር በፊኒክስ ከተማ አንድ አውቶሞቢል በሾፌሩ ወንበር ማንም ሳይቀመጥ፣ መሪው ብቻውን እየዞረ ተሳፋሪ ይዞ ይሄዳል። ይህ ዌይሞ የሚባለው ኩባንያ ሥራ ነው፤ ሾፌር አልባ መኪናዎቹን በዚያ አካባቢ ለሕዝብ የከፈተው በ2020 ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገሩን ነገር በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን በአገራችን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ሾፌራችን ዕድሜው ከሠላሳ የማይበልጥ፣ ፊቱ ብሩህ፣ ጨዋታ ዐዋቂ ሰው ነው። ቪዲዮውን ጥቂት ተመለከተና «እስቲ ሐረጎን ይውረዳትና እናያለን» ብሎ ስልኩን መለሰለት። በመኪናው ያለን ሁሉ ሳቅን። ተነሥተን ጥቂት ከሄድን በኋላ ግን ነገሩ ከልቡ እንዳልወጣ ታወቀ፤ በመስተዋቱ ወደ ኋላ እየተመለከተ «ማሽን እኮ ሰው ቢገድል አያዝንም፤ እኛ ግን ሕሊና አለን» አለ። ይህን ሲል ማንም አልሳቀም።

ሁለት ቃል ተናግሮአልና ሁለቱንም በየተራቸው እንመልከት። የፊተኛው ቃል ባዶ ፉከራ አይደለም። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ያህል ላይ ስትሆን ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህን ከፍታ የሚወጣውም በሐረጎ ተራራ ወገብ እየተጠማዘዘ ነው። ቁልቁለቱን ፍሬን ረግጦ ብቻ እወርዳለሁ የሚል ሰው የፍሬኑ ሸራ ግሎ መያዝ ይሳነዋል፤ ዐዋቂው ሾፌር ገና ከላይ ሳለ ከባድ ማርሽ አስገብቶ መኪናውን በሞተሩ ጉልበት እየያዘ ያወርዳል። በክረምት ጉም ሲወርድ ደግሞ ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ ያለው አይታይም። ሾፌር አልባው መኪና በካሜራ፣ በራዳርና በብርሃን ጨረር ዙሪያውን እየተመለከተ፣ የሚሄድበትም ከተማ አስቀድሞ በዝርዝር ተለክቶ በካርታ ገብቶለት ነው የሚጓዘው። እንጨት የተጫኑ አህዮች ከጉም ውስጥ ብቅ ማለታቸው፣ ባጃጅም ያለ መብራት በኩርባ ላይ መምጣቱ በካርታ ላይ አይገኝም። ይህን ያህል እውነት በሾፌራችን ቃል ውስጥ አለ፤ አልነፍገውም።

ዳሩ ግን «ይውረዳትና እናያለን» ማለት «እኔ ዐውቄ እወርዳታለሁ» ማለትም ነው፤ ነቀፌታዬ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ስቬንሰን የተባለ የስዊድን ተመራማሪ በ1981 ባወጣው ጥናት ከጠየቃቸው አሜሪካውያን ከመቶ 93ቱ፣ ከስዊድናውያኑም ከመቶ 69ኙ በመንዳት ችሎታቸው ከመካከለኛው ነጂ እንደሚበልጡ ተናገሩ። ሁሉ ከመካከለኛው ከበለጠ መካከለኛው ማን ሊሆን ነው? ራሱን ስለሚያቆም መኪና የተሰበሰበው አስተያየትም ከዚህ የራቀ አይደለም። የአሜሪካ የአውቶሞቢል ማኅበር በ2015 እንዳስታወቀው፣ ከመቶ ሰማንያ የሚጠጉት ነጂዎች በሁለት መኪናዎች መካከል አስጠግተው በማቆም ችሎታቸው ይተማመናሉ፤ መኪናው ራሱ እንዲያቆም የሚያምኑት ግን ከአራት አንዱ ብቻ ናቸው። ማኅበሩ መሣሪያውን ከሰዎች ጋር ሲያወዳድር ግን መሣሪያው የመንገዱን ጠርዝ የነካው ሰዎቹ ከነኩት በ81 በመቶ ያነሰ ጊዜ ነው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መመላለሱም በ47 በመቶ አነሰ። በፈረንጅ ለመሳቅ አልቸኩልም። እኔም መኪና በነበረኝ ጊዜ በደሴ ፒያሳ ዳገት ላይ አንድ ልጅ «ላሳይዎ ወይ?» ቢለኝ ኰርቼ እምቢ ብዬ የኋላ መብራቴን በግንብ ላይ ሰብሬአለሁ። ልጁ አልሳቀብኝም፤ እኔ ግን ቢስቅብኝ እመርጥ ነበር።

ከዚህ በተቃራኒ የቆመ ፍርድም አለ፤ ይህን የሰማሁት በደሴ ከአንድ የጨርቅ ነጋዴ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገቡ ካስታወቀ ወዲህ ከቻይና የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች በየከተማው በዝተዋል፤ ይህም ሰው አንዱን ገዝቶአል። መኪናው ራሱን ያቆማል። በጎኑና በጫፉ የተተከሉት ጥቃቅን መሣሪያዎች ለሰው ጆሮ የማይሰማ ድምፅ ይልካሉ፤ ድምፁ ነጥሮ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ርቀቱን ይነግራቸዋል፤ የሌሊት ወፍ በጨለማ የምትበረውም በዚሁ ጥበብ ነው። ይህ ነገር እንግዳ መስሎ ይታየናል እንጂ ቶዮታ በጃፓን አገር ፕሪየስ በሚባለው መኪናው ላይ ያቀረበው በ2003 ነው። ነጋዴው እጁን ከመሪው አንሥቶ፣ እኛን በኩራት እየተመለከተ መኪናው ወደ ቦታው ሲገባ አሳየን። በእውነት ደስ የሚል ነገር ነው። ቀጥሎ ግን «ከእንግዲህ ሾፌር ምን ይሠራል? እኔ አሁን በረዥም መንገድ ላይ ስልኬን እያየሁ ነው የምሄደው» አለ። ደነገጥሁ።

የመደንገጤን ምክንያት ላስረዳ። የዓለም የመኪና መሐንዲሶች በ2014 ከዜሮ እስከ አምስት ደረጃ አውጥተው ነበር፤ ዜሮ ሁሉን ሰው የሚሠራበት፣ አምስት ሁሉን መኪናው የሚሠራበት ነው። በየገበያው «ራሱን ይነዳል» እየተባሉ ለግለሰብ የሚሸጡት መኪናዎች አብዛኞቹ በሁለተኛው ደረጃ ላይ ናቸው፤ ይኸውም መኪናው መሪውንና ፍጥነቱን ሲይዝ ሰውየው ዐይኑን ከመንገድ እንዳይነቅል የታዘዘበት ደረጃ ነው። በ2018 መጋቢት ወር ኡበር የተባለው ኩባንያ ለሙከራ ያሰማራው መኪና በአሪዞና ግዛት በቴምፒ ከተማ ሌሊት ብስክሌቷን እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። የመንግሥቱ መርማሪዎች ያገኙት ነገር ይህ ነው፤ መሣሪያው ሴቲቱን ያያት ከመግጨቱ 5.6 ሴኮንድ አስቀድሞ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ መኪና ናት፣ አንድ ጊዜ ምንነቷ ያልታወቀ ነገር ናት፣ አንድ ጊዜ ብስክሌት ናት እያለ ሐሳቡን ይለዋውጥ ነበር። መኪናውን የሠራው የቮልቮ ፋብሪካ የገጠመለት ድንገተኛ ፍሬን ደግሞ ኮምፒዩተሩ በሚነዳበት ጊዜ እንዳይሠራ ተደርጎ ነበር። ለጥበቃ የተቀመጠችው ሴት በዚያች ሰዓት ስልኳ ላይ የሚታይ ትርኢት ትመለከት ነበር። አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ፤ በቴምፒ ግን ሁለቱ ባላዎች እርስ በርስ ተደጋግፈው ቆመው ኖሮ አብረው ወደቁ። በኋላ ኩባንያው በወንጀል አልተከሰሰም፤ ተቀጣሪዋ ግን በ2023 ጥፋተኛነቷን አምና የሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት ተቀበለች። የነጋዴው መኪና አንድ ሰው ቢገጭ ዳኛው የሚጠራው መኪናውን የሠራውን የቻይና መሐንዲስ አይመስለኝም።

የረዳቱንም ቃል መርሳት አይገባኝም። ዐሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሚኒባሱ ወደ ኋላ በሚመለስበት ጊዜ ወርዶ የመኪናውን ጎን በመዳፉ እየመታ «ና! ና! ና! በቃ!» የሚል እርሱ ነው። የእኛ አገር የሌሊት ወፍ ማለት እርሱ ነው እንግዲህ። ቪዲዮውን ካየ በኋላ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ እሱ መኪና ረዳት የለውም እንዴ?» ሲል በቀስታ ጠየቀኝ። የለውም አልሁት። ዝም አለ። ስለ መሣሪያው ምስጋና የሚጽፉ ሰዎች በዚህ ጥያቄ ላይ ፈጥነው ያልፋሉ፤ እኔም የተሻለ መልስ አግኝቼ አይደለም።

አሁን ወደ ሾፌራችን ሁለተኛ ቃል ልመለስ፤ «እኛ ግን ሕሊና አለን» ያለውን ማለቴ ነው። ይህ ሾፌሮች ሁሉ በመሣሪያው ላይ የሚያቀርቡት ከሁሉ የጠነከረ ክርክር ነው፤ በእውነትም የጠነከረ ነው። በዚያው ቀን የሐረጎን ዳገት እኩሌታ ያህል እንደ ወጣን የኋላ ጎማችን ፈነዳ። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ የሰው ራስ የሚያህል ድንጋይ ታኮ አድርጎ ከጎማው ሥር ወተፈ፤ አንጸባራቂው ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት አልነበረንምና ሌሎች ሦስት ድንጋዮች ከኋላችን አስፋልቱ ላይ ደረደረ። ጉሙ ከብዶ ነበር፤ ሁላችንም በብርድ እየተንቀጠቀጥን ቆመን ቅያሪው ጎማ ተገጠመ። ከዚያ በኋላ «ግቡ! ግቡ!» ተባለ፤ እየተሽቀዳደምን ገባን፤ መኪናውም ሄደ። ድንጋዮቹ ግን በመንገዱ ላይ ቀሩ። እኔ ከኋላው ወንበር ስለ ነበርሁ በመስተዋቱ አየኋቸው፤ አራቱንም ቆጠርኋቸው። በደሴ የቀጠሮዬ ሰዓት አልፎ ነበር፤ ደግሞም ሾፌሩ ያውቃል፣ ረዳቱ ያውቃል ብዬ አሰብሁ። ዝም አልሁ። ነጋዴው ሐሳቡን ለመኪናው እንደ ሰጠ ሁሉ እኔም ሐሳቤን ለሾፌሩ ሰጥቼ ተቀመጥሁ። ሾፌሩም ተማሪውን ማጫወቱን ቀጠለ።

እንዲህ ያለውን ድንጋይ በአገራችን መንገድ ላይ ያላየ ሰው አለ? ያ የፊኒክስ መኪና ወርዶ ድንጋይ እንደማያነሣ ሾፌሮቻችን ቢናገሩ እውነታቸውን ነው፤ ግን ማን ጥሎት ሄደ? ሕሊና አለን የሚለው ክርክር በቪዲዮ ፊት ሲነገር ያምራል፤ በሐረጎ ላይ ግን የሚፈተነው ጎማው ከተለወጠ በኋላ ባለችው በአንዲት ደቂቃ ውስጥ ነው።

በሦስተኛው ቀን ወደ ኮምቦልቻ የወረድሁት ሰው ሁሉ «ሐጂ» ከሚላቸው አንድ አዛውንት ሾፌር ጋር ነው። በልጅነታቸው በአሰብ መንገድ በከባድ መኪና ረዳት ሆነው ጀምረው፣ በኋላም መንገዱ በ1990 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት እስኪዘጋ ድረስ በዚያው የነዱ ናቸው። እርሳቸውንም ስለ ሾፌር አልባው መኪና ጠየቅኋቸው፤ እንደ ሌሎቹ ሐረጎን ይጠሩብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። «ልጄ፣ እሱ አይተኛም አሉ» አሉኝ። «አይተኛም» አልኋቸው። «እኔ በአፋር በረሃ መሪ እንደ ያዝሁ ሦስት ጊዜ እንቅልፍ ወስዶኛል። አላህ ነው ያወጣኝ። እንግዲህ እኔ በምን አፌ እፈርድበታለሁ?» ስለዚህ ነገር ከሰማሁት ፍርድ ሁሉ ራሱን አስቀድሞ የመረመረው ይህ ብቻ ነበር።

ጥቂት እንደ ሄድን ምንም ሳይታየኝ መኪናውን አበረዱት፤ ከኩርባው አለፍ ብለው ዳር ይዘው ቆሙና ረዳታቸውን «ሂድ፣ አንሣቸው» አሉት። ልጁ ወደ ኋላ ሮጦ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ወደ ገደሉ አፍ ወረወራቸው። ሦስት ነበሩ። አራተኛውን በዐይኔ ፈለግሁት፤ በዚያ አልነበረም። በስፍራው የተሰበረ የመብራት መስተዋት በአስፋልቱ ላይ ተበትኖ ነበር።

«ሐጂ፣ ድንጋይ መኖሩን እንዴት ዐወቁ?» አልኋቸው።

«ትናንትም ነበረ፤ ከትናንት ወዲያም ነበረ።»

«ታዲያ ትናንት ስለ ምን አላስነሡትም?»

ማርሹን ቀየሩና ጥቂት ዝም አሉ። «ትናንት ተሳፋሪው ቸኩሎብኝ ነበር» አሉኝ።

ድንጋዩ የማን እንደ ሆነ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኋቸውም።